ምራቂ የሌለው ውሃ

እትዬ አጸደ ሙላት ማረፋቸውን የሰማሁት ደነባ ገበያ ላይ ጥጥ ሳማርጥ ነው። እግሬ በዚህ ዕድሜዬም አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ፣ ዘመድ ጥየቃ ብዬ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ ነበር። አንድ የማውቀው የመኪና ረዳት ከሩቅ አይቶኝ ወደ እኔ ሲመጣ ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ገባኝ። «እማማ ብርቄ፣ የመድኃኒት ቤቷ እትዬ…» ብሎ ሳይጨርስ ጥጡን ለባለቤቱ መልሼ ተሳፈርኩ። ለቀብሩ ደረስኩ። አፈር ሲመለስባቸው ቆሜ አየሁ።

ከሠልስቱ በኋላ ልጆቹ ከበቡኝ። የእኔም የልጅ ልጆች አሉበት፣ እርሳቸው መድኃኒት ቅመማ ያስተማሯቸውም አሉበት። «እማማ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቃቸው የለም። ይንገሩን፤ እኛ እንጽፈዋለን» አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት እትዬ አጸደ ጠርሙሶቻቸው ላይ ከሚለጥፉት ወረቀት ነው፤ የገዛ ስሜን ከማንበቤ በፊት «መርዝ» የሚለውን ቃል አነብ ነበር። ስለዚህ እንዳታሳምሩት፣ እንደተናገርኩት ጻፉት ብያቸዋለሁ።

እናንተ አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል ነው። ግራ ዓይናቸው የነጣ፣ ጠርሙሱን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው የሚያዩ፣ ፈገግታቸው ቶሎ የማይገኝ ሴት። «እትዬ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉልኝ» ያላቸውን ሁሉ፣ «ምራቂ ከፈለግሽ ሽንኩርት ተራ ሂጂ» ብለው የሚመልሱ። ቋጣሪ ናቸው ብላችሁ ያማችኋቸው እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ያወቅኋቸው ከመስኮቱ በፊት፣ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ያቺ ምራቂ የነፈገቻችሁ እጅ ምን እንደሠራች ልንገራችሁ።

እትዬ አጸደ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት በሚቀመምበት ክፍል ነበር የሚሠሩት። አንድ ፈረንጅ ቀማሚ ነው ሙያውን ያስተማራቸው። ከተማው ሲያዝ ለማንም አልቀምም ብለው፣ አንድ ሣጥን ታቅፈው ወደ አባታቸው አገር፣ ወደ ጎረቤላ ጉዞ ጀመሩ። እኔ ያን ጊዜ ገና ያገባሁ ልጅ ነበርኩ። ከአሊዩ አምባ ጥጥ ተሸክሜ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ፤ ሸጬ ደግሞ እመለሳለሁ። የተገናኘነው ሸጬ ስመለስ ደብረ ብርሃን ኬላ ላይ ነው።

ኬላው ላይ የጣሊያን ባንዲራ ተሰቅሏል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። እኔም አነሳሁ፤ ሁሉም አነሳ። ከፊቴ ያሉት ሴት ግን ሣጥናቸውን በሁለት እጃቸው እንደታቀፉ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እጅ አንሺ!» አለ አስተርጓሚው።

«እጄ ሥራ ላይ ነው» አሉት።

«አስቀምጪውና አንሺ!»

«ብርጭቆ ነው። መሬት አይወድም።»

ሣጥኑን ነጥቀው ከፈቱት። ሁለት የናስ ሳህን የተንጠለጠለበት ሚዛን፣ አንገቱ ላይ መስመር የተሰመረበት አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ፣ እና በጨርቅ የተጠቀለሉ የናስ መመዘኛዎች ነበሩበት። ወታደሩ መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ እየቆነጠረ ኪሱ ከተተ። «ናስ ነው፤ ጥይት ይሠራበታል» ብሎ አስተረጎመ። ሚዛኑን ግን እየሳቀ መልሶ ወረወረላቸው። ያለ መመዘኛ ምን ይሠራል?

እትዬ አጸደ ጠርሙሱ አለመሰበሩን አዩ፤ ሣጥኑን ዘጉ፤ እንደገና በሁለት እጃቸው ታቀፉና እጃቸውን ሳያነሱ አለፉ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ዞር ብለው፣ «ስምሽ ማነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብርቄ፣ ሚዛኑን የመለሱልኝ ያለ መመዘኛው ከንቱ መስሏቸው ነው። ይህን ያህል ድንጋይ በሞላበት አገር!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የትም ልዙር የት፣ መመለሻዬ እርሳቸው ዘንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ ነው አውሮፕላኖቹ ከአንኮበር በታች ወዳለው ገደል የመጡት። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ከአርበኞቹ ጋር እዚያ ነበር። የወረደው ቦምብ አልነበረም፤ እንደ ካፊያ ያለ ነገር ነው። ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይሸታል። ልጆቹ መጀመሪያ፣ «ጣሊያን ቦምብ አልቆበት ወጥ ይረጭብን ጀመር» ብለው ሳቁ። ቀኑ ሳይገባደድ ገላቸው ውሃ ቋጠረ፤ ዓይናቸው አብጦ ተደፈነ። ሰው ተሸክሞ ወደ አንድ ዋሻ አገባቸው። እኔ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ደምሴ ድምፄን ሲሰማ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «ብርቄ፣ መሸ እንዴ?» አለኝ።

የሮጥኩት ወደ እትዬ አጸደ ነው። መጥተው ሽፋሽፍቱን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለው ገለጡ። ደምሴ እንደ ሕፃን ጮኸ። «ዓይኑ ከሥሩ አልሞተም» አሉኝ። «ግን መርዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይወልዳል። መግሉም ተጣብቆ ይደርቅበታል። ካልታጠበ ይጠፋል። የሚያጥበው የሆድ ሶዳ ነው።»

«ሶዳው ያድነዋል?»

«አያድነውም፤ ያጥበዋል። የሚያድነው ራሱ ገላው ነው። የእኛ ሥራ ገላውን አለማስቸገር ነው።»

የሆድ ሶዳ ማን ጋ ይገኛል? ጣሊያኖቹ ቢካርቦናቶ ይሉታል፤ ለዳቧቸውም ለሆዳቸውም ይሉና በየጊዜው ያስመጡታል። የሚያቀርብላቸው ደግሞ የአሊዩ አምባዋ ነጋዴ እማ ዘይነባ ናቸው። ብልኃተኛ፣ ወፈር ያሉ፣ ሳቃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ለመወሰን የወሰደባቸው ጊዜ «ቢስሚላህ» ብለው ከመቀመጫቸው እስኪነሱ ያለው ብቻ ነው። ሶዳውን ከዝንጅብል በታች አድርገው በበቅሎ ጭነው ራሳቸው ዳገቱን ወጡ። ዋሻው ደጃፍ ላይ ጭነቱን ሲያራግፉ፣ «የሆዳቸውን መድኃኒት ለዓይናችን! ያረቢ፣ ዛሬ ማታ ሁሉንም ቁርጠት ስደድባቸው!» ብለው በሽተኞቹን ሁሉ አሳቁ።

አሁን ሶዳ አለ፣ ሚዛን አለ፣ መመዘኛ የለም። እትዬ አጸደ፣ «ሦስት ጠገራ ብር አምጡልኝ» አሉ። «አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን አልፈልግም። የተበሳው ይጎድላል፤ ቀለበት የተበየደበት ይበልጣል። ከሣጥን ያልወጣ ይሁን።» እማ ዘይነባ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጧቸው። ጠገራ ብሩን እትዬ አጸደ ሆስፒታል ሳሉ ለጨዋታ ብለው መዝነውት ያውቃሉ። አንዱ ሃያ ስምንት ግራም ነው። የትኛውንም ብታነሱ ያው ነው፤ ሦስቱ ሰማንያ አራት።

ሦስት ለምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። እርሳቸውም ለጠያቂ መልስ የሚነፍጉ አልነበሩምና፣ ጨርቅ እየቀደዱ ነገሩኝ።

«መቶ ፍሬ ጤፍና መቶ ፍሬ ባቄላ ቁጥሩ እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ክብደቱስ?»

«እንዴት ሆኖ!»

«ጎሽ። ሶዳውም ጨውም ሌላውም ዕቃ ዓይን ከማያያቸው ቅንጣቶች ነው የተሠራው። ቆጥረን አንዘልቃቸውም። ስለዚህ በክብደት እንቆጥራቸዋለን። ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ ትልቅ ቁጥር አለ፤ ሞል ይባላል። ቁጥሩ አይለወጥም፤ ክብደቱ ግን እንደ ዕቃው ነው። ሶዳ በውስጡ ሶዲየም አለው፣ ሃያ ሦስት። ሃይድሮጂን፣ አንድ። ካርቦን፣ አሥራ ሁለት። ኦክሲጅን አሥራ ስድስት ነው፤ ግን ሦስት ጊዜ ይገባል፣ አርባ ስምንት። ደምሪው።»

ደመርኩት። ሰማንያ አራት መጣ። ሦስት ጠገራ። ያንን ድምር እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤው ቀረሁ፤ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እላችኋለሁ።

«ስለዚህ ሦስት ጠገራ የሚመዝን ሶዳ አንድ ሞል ነው። አራት ሊትር ውሃ ውስጥ ሲበተን ለአንዱ ሊትር ስንት ይደርሰዋል? ሞሉን በሊትሩ አካፍይው።»

«እርቦ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እርቦና ሲሶ ማን ያስተምረኛል? ምርት ሲገባ ሲሶ ለባለመሬት ሲሰፈር፣ እርቦ ሲሰፈር እያየሁ ነው ያደግሁት። «እርቦ ሞል በሊትር» አሉ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የውሃው ስም በዋሻው ውስጥ «እርቦ» ሆኖ ቀረ። ሊፈትኑኝ ፈልገው ደግሞ፣ «የአንድ ጠገራ ሶዳ ብቻ ቢቀረኝ፣ እርቦ እንዲሆን ስንት ውሃ ልስጠው?» አሉኝ። አሰብኩት። አንድ ጠገራ የሦስቱ ሲሶ ነው፤ ውሃውም የአራቱ ሲሶ መሆን አለበት። «አንድ ሊትርና የሊትር ሲሶ» አልኩ። በዚያን ቀን ጠርሙሱን እንድይዝ ፈቀዱልኝ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ይፈላል፤ ተከድኖ ይቀዘቅዛል። ሶዳው ትኩስ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ጠባዩ ይለወጣል። ሶዳውን ገንቦው ውስጥ ጨምረው በጥቂት ውሃ ያሟሙታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ገንቦው ላይ በጠርሙሱ ለክተው በከሰል እስካሰመሩት መስመር ድረስ የሚሞሉት። «አራት ሊትር ውሃ አላልኩም» ይሉኛል፤ «ሶዳውና ውሃው ተጋብተው አራት ሊትር ይሁኑ።» ከዚያ ዓይን በዓይን፣ ሰው በሰው ያጥባሉ። የደምሴ ሽፋሽፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተገለጠ።

ሁለተኛው ገንቦ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። እትዬ አጸደ የአንዱን ቁስለኛ ጀርባ ሲያስሩ ሶዳውን የመዘኑት እማ ዘይነባ ነበሩ። ገበያ ኖረው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ሚዛኑ እኩል ሲቆም አዩት፣ ቀፈፋቸው። በእኛ አገር ልክ ላይ ሲደርስ እጁን የሚሰበስብ ነጋዴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አንድ ጭብጥ ጨመሩ። ጠብታው የደምሴ ዓይን ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ዋሻውን አናጋው።

እትዬ አጸደ ተነሥተው ከገንቦው በጣታቸው ቀመሱ። «ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማ ዘይነባ፣ ወገባቸውን ይዘው። «ምን አጠፋሁ? ምራቂ ነው። ወላሂ፣ ለጣሊያን ስሸጥ እንኳን ምራቂ እጨምራለሁ። ለገዛ ልጆቻችን ደረቅ ልኬት ልስጥ?»

«ለጣሊያን ጨምሪለት! እጅሽ እስኪዝል ጨምሪለት! ለደምሴ ዓይን ግን አትቸሪው፤ አይችለውም!»

ከዚያ ደምሴ ፊቱን በጨርቅ እንደያዘ፣ «እማ ዘይነባ፣ ለእኔ ምራቂውን ይተዉና ቅናሽ ያድርጉልኝ» አለ። ቁስለኛው ሁሉ እያቃሰተ ሳቀ። እማ ዘይነባ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እትዬ አጸደ ተጠጉና እጃቸውን ያዙ። «ነይ፣ ጭብጥሽን እንወቀው» አሉ። ያንኑ ያህል ሁለት ጊዜ አስጨብጠው ሚዛኑ ላይ ሲያደርጉት፣ ሁለቱ ጭብጥ ከሦስቱ ጠገራ ጋር እኩል ቆመ። «እንግዲህ የአንቺ ምራቂ ግማሽ ሞል ነው። ገንቦው ውስጥ ያለው አንድ ተኩል ሆኗል። እርቦ እንዲሆን ስድስት ሊትር ይፈልጋል። ብርቄ፣ የፈላውን ውሃ አምጪ፤ ሁለት ሊትር ጨምሪ።» በዕቃ ከፋፍለን ጨመርነው። አንድ ፍንጣቂ ሶዳ አልባከነም። «አየሽ ዘይነባ» አሉ፣ «ምራቂሽ ለሁለት ሊትር ሕዝብ ተረፈ።»

ያን ዕለት ግን እትዬ አጸደ ከወንዝ አንድ ድንጋይ አነሡ። እየሞረዱ፣ ሚዛን ላይ እያወጡ፣ ደግሞ እየሞረዱ፣ ከሦስቱ ጠገራ ጋር እኩል አደረጉት። ለምን እንደሆነ ያልገባን እኛ ነን።

የገባን ትእዛዙ ሲመጣ ነው። ጠገራ ብር ይከልከል፤ ያለው ሰው ሁሉ አስረክቦ የጣሊያንን የወረቀት ብር ይውሰድ ተባለ። አንድ መኮንን ከአስተርጓሚውና ከወታደሮቹ ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። እትዬ አጸደ ጎረቤላ ቤታቸው ሶዳ ሲመዝኑ ደረሱባቸው፤ እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። ሦስቱ ጠገራ ሳህኑ ላይ እንዳሉ ተያዙ።

«ገንዘብ ደብቀሻል» አለ አስተርጓሚው። ያው የኬላው ሰው ነበር።

«ገንዘብ አይደለም፤ መመዘኛ ነው። የእኔን እናንተ ወሰዳችሁት።»

መኮንኑ ሰማና ፈገግ አለ። ከኪሱ የወረቀት ብር አውጥቶ እንደ ለጋስ ሰው ዘረጋላቸው። እትዬ አጸደ ተቀበሉት። ጠገራዎቹን ከሳህኑ አንሥተው በቦታቸው ወረቀቱን አስቀመጡ። ሶዳ የያዘው ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጧ ብሎ ወደቀ፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«ንገረው» አሉ አስተርጓሚውን። «ይህ ምንም አይመዝንም በልልኝ።»

«ይህንን አልተረጉምም።»

«አትተርጉም። ዓይን አለው፤ ይየው።»

አየው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሳህኑን በጥፊ መታው፤ ሶዳው ቤቱን ሞላው። ጠገራዎቹን ወሰዱ፤ ሲወጡ አንደኛው ወታደር ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ድንጋይ እግሩን አደናቀፈውና ረግጦት አለፈ። አስተርጓሚው ከደጃፍ መለስ ብሎ፣ «ቢያንስ እጅሽን አንሺ! ያስገድሉሻል!» አለ በሹክሹክታ። እትዬ አጸደ ተጎንብሰው የተበተነውን ሶዳ በሁለት እጃቸው እየሰበሰቡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «እጄ ሥራ ላይ ነው» አሉት።

ድምፃቸው ሲርቅ ያንን የተረገጠ ድንጋይ አነሡ፤ አመዱን እፍ አሉት፤ ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ሳይበተን በተረፈው ሶዳ በማግስቱም ዋሻው ውስጥ እርቦ ተሠራ።

ሶዳው ግን አለቀ። ከወለል የተሰበሰበውን ለዓይን አይሆንም ብለው ደፉት፤ እማ ዘይነባ ዘንድም የቀረ አልነበረም። የደምሴ ዓይን ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ደግሞ መግል መያዝ ጀመረ። ስለዚህ እኔ ጥጤን ተሸክሜ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። እማ ዘይነባ የሚያውቁት አንድ የጣሊያኖቹ መጋዘን ሠራተኛ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰው አየን አላየን እያለ የሚርበተበተው ሰውዬ በዚያን ቀን ረጋ ብሎ የሶዳውን ከረጢት ራሱ አንሥቶ አሸከመኝ። እኔ ዕድሌ ቀና ብዬ ጥጥ ውስጥ ሸጎጥኩትና ቁልቁለቱን በሩጫ ወደ ዋሻው ወረድኩ።

እትዬ አጸደ በድንጋዩ መዘኑ፤ ቀላቀሉ፤ በምላሳቸው ነካ አደረጉ። «ጨርቆቹን ምንጭ ወርደሽ አጥበሽ ነይ» አሉኝ። አጥቤ ስመለስ ገንቦው ደጅ ተደፍቶ መሬቱ ረጥቧል። ከረጢቱ ጉድጓድ ውስጥ አመድ ለብሷል። እርሳቸው ግራ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አስረው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ጭስ ገባብኝ።»

«ሶዳውስ?»

«ሶዳ አይደለም። የሚያቃጥል የወለል ማጠቢያ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ዓይን ያወጣል።»

«በሚዛኑ አወቁት?»

«ሚዛን ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም» አሉኝ። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት የተቀላቀለው፣ ዛሬም አላውቅም። የመጋዘኑ ሰው ግን ዳግመኛ አልታየም።

ልጠይቃቸው ስል ከጥጉ የደምሴ ድምፅ መጣ፤ «ብርቄ፣ ቀሚስሽ በጎኑ ተቀዷል።»

ቀሚሴን አየሁ። እውነትም ተቀዷል። ከዚያ የተናገረው ነገር ገባኝና እልል አልኩ፤ ጠላት ይሰማል ብለው አፌን እስኪይዙኝ ድረስ። ደምሴ ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ብርሃኑ አሳምሞት ነው ብዬ ጥላ ሠራሁለት። እማ ዘይነባ ከሌላ ነጋዴ ያገኙትን ንጹሕ ሶዳ በማግስቱ አደረሱልን፤ ቀሪው ዓይን ሁሉ በእርሱ ታጠበ። ከዚያ ዋሻ ተሸክመን ያስገባናቸው አብዛኞቹ በራሳቸው እግር፣ መንገዳቸውን እያዩ ወጡ። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ደምሴ እስከ ዛሬ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እርሱ ነው።

ጣሊያን ወጣ። እትዬ አጸደ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ድንጋይ ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ጀመሩ። አዲስ መመዘኛ ሲመጣላቸው እንኳን ድንጋዩን መስኮቱ ላይ አኖሩት። ግራ ዓይናቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ሞራ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከመስኮቱ ማዶ የቆመ ሽማግሌ ቀና ማለት አቅቶት አየሁ፤ ያ አስተርጓሚ ነበር። ቆዳው ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ሌላ ቦታ የሚያክመው አጥቷል። እትዬ አጸደ አወቁት። ጠርሙሱን ሞልተው አቀበሉትና፣ «ልክህን ነው የሰጠሁህ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» አሉት። ሰውዬው እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ግን እጃቸውን ሳቡ። «ተወው፤ እጄ ሥራ ላይ ነው።»

እንግዲህ እትዬ አጸደ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው።

ድንጋዩ እኔ ዘንድ ነው፤ መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤቷ ወስዳ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሰማንያ አራት ብላ እየጮኸች መጣች። እንደ እውነቱ አልገረመኝም። ወረቀት ይዘው የመጡት ሄደዋል፤ ድንጋይዎ ግን ያው ነው፣ አንድ ቅንጣት አልጎደለም። ማንም ቢመጣ፣ ማንም እጅ አንሡ ቢል፣ እነዚህ ልጆች የሚመልሱትን ያውቃሉ፤ አስተምሬአቸዋለሁ። በሰላም ይረፉ አልልዎትም፤ ሥራ ፈትተው መቀመጥ መቼ ያውቁበትና! ብቻ በዚያም ሚዛን ካለ፣ አጠገቡ የሚቆሙት እርስዎ ይሁኑ።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ከቀብርዎ ስንመለስ ደምሴ ክንዴን ይዞ መንገድ ዳር አስቀመጠኝ። «ዓይኔ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቀሚስሽን አይደለም» አለኝ። ዓይኑ ተደፍኖ ሳለ፣ ሁልጊዜ እርሱን ከማጠብዎ በፊት የሆነች አጭር ትንፋሽ ከእርስዎ ይሰማ ነበር፤ ምን እንደሆነች አያውቅም። በዚያን ቀን አየ። አንገትዎን ወደ ኋላ አድርገው እኔ ካመጣሁት ሶዳ የተሠራውን ውሃ በማንኪያ ግራ ዓይንዎ ውስጥ ሲያፈሱ አየ። እንዳይጮኹ ነጠላዎን ሲነክሱ አየ። ከእማ ዘይነባ ምራቂ ወዲህ የእያንዳንዱን ገንቦ የመጀመሪያ ጠብታ በራስዎ ዓይን ይቀበሉት ኖሯል። ታጥበው ሲያበቁ ደምሴ እያየዎት እንደሆነ ሲያውቁ ጣትዎን አፍዎ ላይ አድርገው፣ «እኔ በሕይወት እስካለሁ ለብርቄ እንዳትነግራት፤ ከረጢቱን ያመጣችው እሷ ናት» ብለውታል።